አርዲቲው ኔጌቲቭ፣ ስላይዱ ፖዘቲቭ፦ የትኛውን እንመን?

ጥያቄው፦ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ባለሙያ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል። «ሰሞኑን ትኩሳት ይዟቸው ከሚመጡት መካከል በአርዲቲ (በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት) ኔጌቲቭ ሆነው በማይክሮስኮፕ ፋልሲፓረም (ገዳዩ የወባ ዝርያ) የሚገኝባቸው በዝተውብናል። አንድ ተመራማሪ ባቀረቡት ጥናት ላይ የወባ ተህዋሲው ጂኑን እየጣለ ከምርመራው እንደሚያመልጥ ሰምቻለሁ። የእኛም ጉዳይ ይህ ይሆን? የትኛውን ውጤት ልመን? ምንስ ላድርግ?»

መልስ፦

ሊሆን ይችላል። ግን ጂን የጣለ ተህዋሲ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። ከእሱ በፊት መጣራት ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ ስላይዱ (ደም የተቀባበት መስታወት) ላይ ተህዋሲ የመሰለው የቀለም ዝቃጭ ሊሆን ይችላል፣ የተህዋሲው ብዛት አርዲቲው ሊይዘው ከሚችለው በታች ሊሆን ይችላል፣ ኪቱ በሙቀት ተጎድቶ ይሆናል፣ የደሙ መጠን አንሶ ይሆናል፣ ወይም የተገኘው ዝርያ ኪቱ የማይፈልገው ነው። ይህ ሁሉ እስኪጣራ ግን ሕመምተኛው መጠበቅ የለበትም። ልምድ ያለው አንባቢ በስላይዱ ላይ ፋልሲፓረም ካየ ሕክምናው በስላይዱ ይጀመራል። ክርክሩ የላቦራቶሪው ነው።

መጀመሪያ የኪቱን ሳጥን አንስተው ያንብቡ። አርዲቲ ተህዋሲውን አያይም፤ የሚያየው ተህዋሲው የሚያመርተውን ፕሮቲን ነው። 5 ማይክሮ ሊትር ደም ሲገባ በፈሩ (ከኪቱ ጋር የሚመጣው ፈሳሽ) ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈነዳቸዋል፤ የወጣው ፕሮቲን ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ከተለጠፈበት አንቲቦዲ (ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) ጋር ይያያዝና በወረቀቱ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። መንገድ ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ያስቆመዋል፤ ወርቁ እዚያ ሲጠራቀም መስመሩ ይቀላል። የመቆጣጠሪያው መስመር የሚነግርዎ ፈሳሹ መጓዙንና ወርቁ አለመበላሸቱን ብቻ ነው። ደም ሳይጨመር በፈር ብቻ ቢንጠባጠብበትም አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ «መቆጣጠሪያው ወጥቷል፣ ኪቱ ጤነኛ ነው» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ነው።

የሚፈለጉት ፕሮቲኖች በዋናነት ሁለት ናቸው። ኤችአርፒ-2 የሚባለውን የሚያመርተው ፋልሲፓረም ብቻ ነው፤ በብዛት ስለሚያመርተውም ኪቶቹ ለረጅም ጊዜ በእሱ ላይ ተደግፈው ኖረዋል። ሁለተኛው ኤልዲኤች ነው። ይህ ተህዋሲው ስኳር አቃጥሎ ኃይል ለማግኘት የሚጠቀምበት ኢንዛይም ስለሆነ ሁሉም የወባ ዝርያዎች አላቸው፤ የአንዱን ዝርያ ብቻ የሚለዩ አንቲቦዲዎችም የሁሉንም በጅምላ የሚይዙም ተሠርተዋል። ሳጥኑ ላይ «ፒኤፍ» የሚል መስመር አለ ማለት ኤችአርፒ-2 ነው ማለት አይደለም፤ የፋልሲፓረም ኤልዲኤች ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ስለ ጂን መጣል መነጋገር አይቻልም፤ የሚጣለው የኤችአርፒ-2 ጂን ነውና።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ወጥመድ አለ። ኪትዎ አንድ የኤችአርፒ-2 መስመርና አንድ የሁሉም ዝርያዎች መስመር ያለው ከሆነ፣ ጂን የጣለ ፋልሲፓረም ሲገጥመው የመጀመሪያው መስመር ባዶ ሆኖ ሁለተኛው ይወጣል። መመሪያው ይህን «ፋልሲፓረም ያልሆነ ወባ» ብሎ እንዲነበብ ያዛል፤ ሕመምተኛው ቫይቫክስ (ሌላው የወባ ዝርያ) ነው ተብሎ ክሎሮኪን ይዞ ይሄዳል። ክሎሮኪን ደግሞ በአብዛኛው ዓለም ፋልሲፓረምን መፈወስ ካቆመ ቆይቷል። ኪትዎ ኤችአርፒ-2ንና የቫይቫክስን ኤልዲኤች ለየብቻ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ያው ተህዋሲ ምንም መስመር አያወጣም። ስለዚህ «ቫይቫክስ» የተባሉ ሕመምተኞች ባልተለመደ ሁኔታ ከበዙ እነሱም ከጥርጣሬው ውስጥ ይግቡ፤ ስስ ቅባቸው (ስላይድ ላይ በስሱ የተዘረጋው ደማቸው) ተመልሶ ይታይ።

አሁን ወደ ስላይዱ። ስላይድን እንደ ዳኛ አርዲቲን እንደ ተከሳሽ ማየት የላቦራቶሪ ሰው የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። በደንብ የሠለጠነ ሰው በጥሩ ወፍራም ቅብ ላይ በማይክሮ ሊትር 5 እስከ 10 ተህዋሲ ሊያገኝ ይችላል፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ግን 50 እስከ 100 ማየት ከተቻለ ጥሩ ነው። ሰልፍ ሲበዛ፣ ሌንሱ ሲጫጫር፣ ቀለሙ ሲያረጅ የማየት ችሎታው ከዚህም ይወርዳል፤ ይባስ ብሎ የሌለውን «አለ» ያሰኛል።

ወፍራሙ ቅብ ወደ 6 ማይክሮ ሊትር ደም ይዞ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ይዘረጋል። ሳይደርቅ ጋዜጣ ላይ ቢያስቀምጡት ፊደሉ ከሥሩ ደብዘዝ ብሎ መነበብ አለበት፤ ፈጽሞ ካልታየ ወፍሯል፤ ሲታጠብም ተልጦ ይሄዳል። ለስሱ 2 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ወፍራሙ ደልዳላ ቦታ ላይ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ መብራት ሥር ወይም ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ሄሞግሎቢኑን እዚያው ያጋግረዋል፤ ቀለም ውስጥ ሲገባ ቀዩ ሴል አይፈርስም፣ ተህዋሲውም ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። ስሱን በሜታኖል ሲያጣብቁም ተመሳሳይ አደጋ አለ። ጠብታው ቀርቶ ትነቱ እንኳ ወፍራሙን ሊነካው ስለሚችል ስላይዱን ዘንበል አድርገው ስሱን ወደ ታች ይያዙት።

ጊምሳው (የስላይዱ ማቅለሚያ) በአስር በመቶ ከሆነ አንድ እጅ ቀለም በዘጠኝ እጅ ፒኤቹ 7.2 በሆነ በፈር ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በሦስት በመቶ ከሆነ 30 እስከ 45 ደቂቃ። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም። ዋናው ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ አንዲት የውሃ ጠብታ እንኳ አትግባ፤ እርጥብ ፒፔት ነክሮ ማውጣት ብቻ ጠርሙሱን ሙሉ ያበላሻል። ይህ በየላቦራቶሪው የሚደጋገም ስሕተት ነው፤ ቀለሙ ላይ ላዩን ደህና ስለሚመስልም ሳምንታት ያልፋሉ። ፒኤቹ ወደ አሲድነት ከወረደ ሁሉም ነገር ይቀላል፣ የተህዋሲው ሰማያዊ አካልም ይደበዝዛል። 7.2 ካልደረሰ በቫይቫክስ የተያዘው ሴል ላይ የሚታዩት የሹፍነር ነጠብጣቦች አይወጡም፤ ያኔ ቫይቫክሱ ፋልሲፓረም መስሎ ይነበባል፣ አርዲቲው ደግሞ በትክክል «ፋልሲፓረም የለም» ይላል። ጠቡ በዚህ ብቻ ሊፈጠር ይችላል።

ሲያጥቡም ቀለሙን ደፍተው ስላይዱን አያጥቡ። ከላይ የተንሳፈፈው ወርቅማ ቅርፊት ደሙ ላይ ይለጠፍና ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሐምራዊ ቅንጣት ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ከዳር ቀስ ብሎ ይግባና ቅርፊቱን አንሳፍፎ ይውሰደው።

በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ሲያነቡ ተህዋሲ ነው ለማለት ሁለት ቀለም ይፈልጉ፦ ቀይ የክሮማቲን ነጥብና ሰማያዊ አካል፤ ሁለቱም አጠገባቸው ካለው የነጭ ሴል ኒውክሊየስ ጋር በአንድ የሌንስ ትኩረት ላይ መታየት አለባቸው። ማስተካከያውን ጥቂት ሲያዞሩ ለብቻው የሚጠፋና ለብቻው የሚመጣ ጥቁር ነጥብ ዝቃጭ ነው። ቀይ ነጥብ ብቻ ካዩና ሰማያዊው ከሌለ ፕላትሌት ሊሆን ይችላል። ነጩ ሴል ራሱ ጥሩ ሐምራዊ ካልሆነ ደግሞ ስላይዱን አያንብቡ፤ እንደገና ይቀባ።

ዝርያውን ስሱ ላይ ይወስኑ። ፋልሲፓረም የገባበት ቀይ ሴል አይሰፋም፤ ቀለበቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ በአንድ ሴል ሁለትና ከዚያ በላይ ሊገኙ ይችላሉ፣ ሴሉ ጠርዝ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ፤ ጋሜቶሳይቱ (ወደ ትንኝ የሚተላለፈው የተህዋሲው ደረጃ) የሙዝ ቅርጽ አለው። በቫይቫክስ ሴሉ ይሰፋል፣ ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ ተህዋሲው የተዘበራረቀ ቅርጽ ይይዛል።

ከዚያ ይቁጠሩ። እኔ ከሁሉም በላይ የምጠይቀው ይህን ነው፤ «አንድ ፕላስ፣ ሁለት ፕላስ» ብሎ መገመት ለዚህ ጥያቄ አይረባም። 200 ነጭ ሴል ቆጥረው 100 ወይም ከዚያ በላይ ተህዋሲ ካገኙ ያቁሙ፤ 99ና ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 500 ነጭ ሴል ይቀጥሉ። የተህዋሲውን ቁጥር በ8,000 (በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ይኖራል ተብሎ በሚታሰበው የነጭ ሴል ብዛት) አባዝተው በቆጠሩት ነጭ ሴል ያካፍሉ። በ500 ነጭ ሴል 3 ተህዋሲ ካገኙ 3 ሲባዛ በ8,000፣ ሲካፈል ለ500፣ 48 ተህዋሲ በማይክሮ ሊትር ነው። አርዲቲዎች አስተማማኝ የሚሆኑት ከ100 እስከ 200 ገደማ ሲጀምር ስለሆነ፣ ይህ ሕመምተኛ በአርዲቲ ኔጌቲቭ ቢሆን ምንም አያስገርምም። በ200 ነጭ ሴል 150 ካገኙ ግን 6,000 ነው። በ6,000 ላይ ያልወጣ የፋልሲፓረም መስመር ማብራሪያ ይፈልጋል። የእርስዎን ሕመምተኞች በዚህ መልክ ቢደረድሯቸው የጥያቄው ግማሽ እዚያው ይመለሳል፤ ሁሉም ከ200 በታች ከተሰበሰቡ ጉዳዩ የብዛት ነው፣ ሺዎች ላይ ያሉም ከተገኙ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ቀጣዩ ኪቱና እጅ ነው። ደም መውሰጃው ቀለበትም ይሁን ፒፔት መሙላቱን ይዩ፤ ግማሽ የተሞላ ቀለበት ግማሽ ምርመራ ነው። በፈሩ ከዚያው ሳጥን የወጣው ብቻ ይሁን፤ ሲያልቅ ከሌላ ኪት መበደር ወይም በሳላይንና በቧንቧ ውሃ መተካት ሐሰተኛ መስመር ሊያመጣ ይችላል። ጠብታው ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ተይዞ ይውረድ፤ ያዘነበለ ጠርሙስ የጠብታውን መጠን ያዛባል። ንባቡ ወረቀቱ ባዘዘው ደቂቃ ነው፤ አንዳንዱ ኪት 15፣ አንዳንዱ 20 ይላል። ቶሎ የተነበበ ደካማ መስመር ያመልጣል፤ ለሰዓታት የቆየ ኪት ደግሞ እውነት ያልሆነ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ፓኬቱ ሲከፈት የእርጥበት መምጠጫው ቀለም ከተለወጠ ይጣል። ስንት ሳጥን በየመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣራ ሥር እንደሚከርም ላቦራቶሪው አያውቅም፤ ስለዚህ ኔጌቲቮቹ ሁሉ ከአንድ የሎት (የአንድ ጊዜ ምርት) ቁጥር መምጣት አለመምጣታቸውን ያጣሩ። ከአንድ ሎት ከሆኑ ጣትዎን ወደ ተህዋሲው ከመቀሰርዎ በፊት ያንን ሎት ሌላ ቦታ ከተቀመጠ ሎት ጋር በአንድ ደም ላይ ያወዳድሩ።

አልፎ አልፎ የሚገጥም ሌላም አለ። የኤችአርፒ-2 ብዛት ሲበረታ ፕሮቲኑ ሁለቱንም አንቲቦዲ ለየብቻ ያጥለቀልቃቸውና ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ አይሠራም፤ መስመሩ ይደክማል፣ ከስንት አንዴ ይጠፋል። ይህ የሚጠረጠረው ተህዋሲው በጣም ብዙ በሆነበትና በጠና በታመመ ሰው ላይ ነው። አንድ እጅ ደም በዘጠኝ እጅ ሳላይን በጥብጠው በአዲስ ኪት ይሞክሩ፤ ከቀጠነ በኋላ መስመሩ ከደመቀ ምክንያቱ ታወቀ።

ይህን ሁሉ አልፎ የቆመ ኔጌቲቭ ካለ አሁን ስለ ጂኑ እንነጋገር። የኤችአርፒ-2 ጂን በፋልሲፓረም 8ኛ ክሮሞሶም ላይ ነው። ዘመዱ ኤችአርፒ-3 በ13ኛው ላይ አለ፤ ፕሮቲኑ ስለሚመሳሰል የኤችአርፒ-2 አንቲቦዲ እሱንም ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብቻ የጣለ ተህዋሲ ቁጥሩ ከበዛ በኤችአርፒ-3 ምክንያት መስመር ሊያወጣ ይችላል፤ ሁለቱንም የጣለው ግን ለኪቱ ፈጽሞ አይታይም። ተህዋሲው ያለ ሁለቱም ይኖራል፤ ሰውን እንደ ማንኛውም ፋልሲፓረም ያሳምማል፣ ይገድላልም።

መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 ችግሩ ገፍቶ ስለመጣባት ኪቷን ለውጣለች። በኢትዮጵያ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ በኤችአርፒ-2 ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ በጂን መጣል ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚያመልጥ ገምቷል። ተመራማሪው ያቀረቡት ይህን ወይም ይህን የመሰለ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አካባቢ ኪቱን እንዲቀይር የሚመክረው በዚህ ምክንያት የሚመጣው ሐሰተኛ ኔጌቲቭ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኪቱ ራሱ መራጭ ይሆናል። የሚታየው ተህዋሲ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ የማይታየው ሰውየው ደም ውስጥ ቆይቶ ጋሜቶሳይት ያፈራል፣ ትንኟም ያንኑ ይዛ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ወቅት የማይታየው ድርሻ ያድጋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአርቴሚሲኒን (ለዋናው የወባ መድኃኒት) መዳከም ምልክት የሆነውን አር622አይ የተባለ ለውጥና የጂኑን መጣል በአንድ ተህዋሲ ላይ አጣምሮ አግኝቷል፤ ከምርመራም ከመድኃኒትም የሚያመልጥ ማለት ነው።

በእርስዎ ላቦራቶሪ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም፤ በደንብ መጠርጠርና ናሙና ማቆየት ግን ይቻላል። የማደርገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። በኤችአርፒ-2 ኔጌቲቭ የሆነውን ደም እዚያው በሁለተኛ ኪት፣ ቢቻል የፋልሲፓረም ኤልዲኤች በሚፈልግ ኪት፣ እደግማለሁ። ኤልዲኤቹ ወጥቶ ኤችአርፒው ከቀረ ጥርጣሬው ጠነከረ። ስላይዱን የመጀመሪያውን ውጤት ያላየ ሁለተኛ አንባቢ ያነበዋል፤ ሁለቱ በዝርያም በብዛትም ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጠራል። መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይወሰዳል፤ 50 ማይክሮ ሊትር ገደማ የሆኑ ሁለት ሦስት ክቦች ይበቃሉ። ወረቀቱ ጥላ ሥር፣ ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ሌሊቱን ይደር፤ ሙቀት አያስፈልገውም። ሲደርቅ እያንዳንዱ ለየብቻ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር ይገባል። እርጥብ ወረቀት ማሸግ ሻጋታ ማምረት ነው፤ የሁለት ሰው ወረቀት በአንድ ፕላስቲክ ማኖር ደግሞ የአንዱን ዲኤንኤ ለሌላው መስጠት ነው።

ናሙናውን የሚቀበለው ላቦራቶሪ «ኤችአርፒ-2 አልወጣም» ብሎ ቢመልስልዎ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ሌሎች ጂኖች ወጥተዋል? በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) አንድ ጂን አለመታየቱ ጂኑ የለም ማለት አይደለም፤ ዲኤንኤው አንሶ ወይም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከተህዋሲው ሌሎች፣ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ካላቸው ጂኖች ቢያንስ ሁለቱ፣ ለምሳሌ ኤምኤስፒ-1 እና ኤምኤስፒ-2፣ በዚያው ናሙና ላይ ከወጡ በኋላ ነው የኤችአርፒ-2 መቅረት ትርጉም የሚኖረው። ይህን ሳያሟሉ «ጂን ጥሏል» የሚሉ ውጤቶችን አልቀበልም። በተቃራኒው ሰውየው ሁለት ዓይነት ፋልሲፓረም ከያዘው፣ ጂን ያለው ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ጂን የጣለው ተህዋሲ ብዛቱ ከሚታየው በላይ ሊሆን ይችላል።

የተገላቢጦሹም እንዳያምታታዎ በአጭሩ፦ አርዲቲ ፖዘቲቭ ሆኖ ስላይድ ኔጌቲቭ ከሆነ ሰውየው በቅርብ ታክሞ እንደሆነ ይጠይቁ። ኤችአርፒ-2 ተህዋሲው ከሞተ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቀራል፤ ኤልዲኤች ግን በቀናት ይጠፋል። ያልታከመ ከሆነ ደግሞ የጎለመሱት ፋልሲፓረሞች በደቃቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ከጣት ደም ተሰውረው ሊሆን ስለሚችል፣ ስላይዱ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ ይደገም።

መዝገብዎ ላይ ለእያንዳንዱ ያልተስማማ ውጤት እነዚህን ይጻፉ፦ የኪቱ ስምና የሎት ቁጥር፣ ኪቱ የሚፈልገው ፕሮቲን፣ የሁለቱ አንባቢዎች ዝርያና ቁጥር፣ የወረቀቱ ናሙና መለያ፣ ሰውየው ባለፉት አራት ሳምንታት የወባ መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዱ። ስላይዶቹን አጥበው ለሌላ አይጠቀሙባቸው፤ ዘይቱን ጠርገው በሳጥን ያቆዩዋቸው፤ ለበላይ ጤና ቢሮ ሪፖርት ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱን ነው።